ተከድኖ የሚከፈት ስም

የአጸደ ዱሬሳ ቀኝ እጅ ጠቋሚ ጣት ለብዙ ዓመታት ጠርቶ አያውቅም ነበር። ሳሙናውም፣ አመዱም፣ ሎሚውም ተሞክሯል። እሁድ አምልኮ ላይ እጇን ዘርግታ ስትዘምር ከኋላዋ የሚቆሙት ሴቶች ያንን ጥቁር ጣት እያዩ ይሳሳቃሉ፤ ሲወጡም "በዚህ ሳምንት ደግሞ የስንቱን ሰው ስም ቀበርሽ?" ይሏታል። እሷም "የእናንተ ተራ እስኪደርስ ነው" ብላቸው ታልፋለች።

ቀባሪ ያሰኛት ሥራዋ ነው። አጸደ አሰላ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ባለች ጠባብ ቢሮ የመዝገብ ሠራተኛ ናት። ቢሮዋ ጠበቃ ለማቆም አቅም ለሌላቸው፣ በተለይም ለሴቶች፣ ያለ ክፍያ የሕግ ምክር ይሰጣል። ባለጉዳይዋ ትመጣለች፣ ቃሏን በገዛ አነጋገሯ ትሰጣለች፣ አጸደ ትጽፋለች። ከዚያ ጽሑፉ ወደ አማርኛ ተመልሶ አዲስ አበባ ላሉ በጎ ፈቃደኛ ጠበቆች ይላካል። ከመላኩ በፊት ግን የሰውም የቦታም ስም መሸፈን አለበት። አርሲ ሰፊ ነው ቢባልም ሰዉ የተጋባ፣ የተዋለደ ነው፤ አሰላ ላይ ያፈተለከ ስም አውቶቡሱ ሳይነሣ በቆጂ ይደርሳል። ባሏን የከሰሰች ሴት ስሟ አምልጦ ቢወጣ ማታ ወደ የትኛው ቤት ትገባለች? አጸደ ይህን ስለምታውቅ በዚህ ሥራ ላይ ቀልድ አይገባትም።

መሣሪያዋ ወፍራም ጥቁር ማርከር ነበር። ማርከር ደግሞ ጠባዩ ክፉ ነው። ወረቀቱን አንሥቶ ወደ መስኮት ላቀናው ሰው ስሙ ከጥቁሩ ሥር ፍንትው ብሎ ይታያል። ስለዚህ ቀብታ፣ ፎቶ ኮፒ አንሥታ፣ ቅጂውን እንደገና ትቀባለች። ደግሞም ሰውን ሁሉ አንድ ዓይነት ጥቁር ያደርገዋል። አንዱ የአዲስ አበባ ጠበቃ ስልክ ይደውልና "ወይዘሮ አጸደ፣ ገጽ ሁለት ላይ የተማታው ጥቁር ገጽ አራት ላይ ይቅርታ የጠየቀው ጥቁር ነው ወይስ ሌላ ጥቁር ነው?" ይላታል። አንድ ክረምት ላይማ ጣሪያው አፍስሶ ዋናው ጽሑፍ ሲበሰብስ የተረፈው የተቀባው ቅጂ ብቻ ሆነ። የዚያች ሴት ምስክሮች እነማን እንደነበሩ ከጥቁሩ ውስጥ ፈልቅቆ የሚያወጣ አልተገኘም፤ ጉዳዩም እንደዚያው ቀረ።

ሀሴት የመጣችው በዚህ መሐል ነው። አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገች፣ የኮምፒውተር መምህር ሆና አሰላ የተመደበች፣ ብርዱን ገና ያልለመደች ቀጭን ልጅ ናት፤ ቢሮ ውስጥ እንኳ ጋቢ ደርባ ነው የምትቀመጠው። የቢሮው ኃላፊ፣ ጠበቃ ነገሳ፣ "ይህቺ ልጅ ከጓደኞቿ ጋር የሠራችው ነገር አለ፤ እስቲ እዪላት" ብሎ አጸደ አጠገብ አስቀመጣት።

"እትዬ አጸደ፣ ይሄ ሶፍትዌር ስሙን አያጠፋውም" አለች ሀሴት ኮምፒውተሯን እየከፈተች። "ያነሣውና ሌላ ቦታ ይቆልፍበታል፤ በምትኩ መጠሪያ ያስቀምጣል። ቁልፉን ያገኘ ዕለት ደግሞ እያንዳንዱን ስም ከነበረበት ይመልሰዋል።"

"የሚመለስ ከሆነማ ምኑን ተደበቀ?" አለች አጸደ። "እኔ ከሸፈንኩ ሸፈንኩ ነው።"

"እስቲ አንድ ጽሑፍ ይስጡኝና እንሞክረው።"

አጸደ የባለጉዳይ ጽሑፍ ለሙከራ አልሰጥም አለች። ተቀመጠችና ስለ ራሷ ጻፈች፤ አጸደ ዱሬሳ እንደምትባል፣ አሰላ ላይ ሀይሉ የሚባል አናጢ እንዳገባች፣ የዚህችን ቢሮ መደርደሪያ የሠራው ሀይሉ እንደሆነ፣ ሀይሉ ታሞ እንደሞተ። ሀሴት አንድ ነገር ነካች፤ ስሞቹ ሁሉ ከገጹ ላይ ብድግ አሉ። "ሰው አንድ ቦታ አንድ ላይ ሰው ሁለትን አገባች" ይላል ጽሑፉ። "ሰው ሁለት ታሞ ሞተ።" አጸደ ደጋግማ አነበበችው። ታሪኩ አንድም ሳይጎድል አለ፣ ሰውዬው ግን የለም። የማንም ሴት ባል ሊሆን ይችላል። ደግሞ ያ ሁሉ ጥቁር እርስ በርሱ የሚምታታበት ጣጣ የለም፤ ሰው ሁለት ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው ሰው ሁለት ነው።

"አሁን እንመልሰው" አለች ሀሴት። የይለፍ ቃሉን ለሁለት ከፍላ ግማሹን አጸደ፣ ግማሹን ነገሳ ለየብቻ እንዲያስገቡ አደረገች፤ አንዱ ያለ ሌላው አይከፍትም። አጸደ ይህ ወዲያው ገባት። የቤተ ክርስቲያናቸው የመባ ሣጥንም ሁለት ቁልፍ፣ ሁለት ሰው ነው ያለው። ሁለቱም አስገቡ፣ ሀሴት ነካችው። ሀይሉ ተመለሰ። አናጢው ሀይሉ፣ መደርደሪያውን የሠራው ሀይሉ፣ የሞተው ሀይሉ፣ ሁሉም በየቦታው ቁጭ።

አጸደ አፏን በእጇ ያዘች። "ወይ ጉድ!" ብቻ ነው ያለችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ልቧ ከስሙ ጋር ሄዶ ከስሙ ጋር የተመለሰ መሰላት።

ትንሽ ቆይታ "ያለ ቁልፉስ?" ብላ ጠየቀች።

"ያለ ቁልፉ ማንም አይከፍተውም።"

"አንቺ የሠራሽውስ?"

"እኔም ብሆን አልችልም።"

አጸደን ከሁሉ በላይ የገረማት ይህ ነው። ቤት ሠርቶ፣ በሩን ቆልፎ፣ ራሱን ደጅ ያስቀረ ሰው ከዚያ በፊት አጋጥሟት አያውቅም። የዚያን ዕለት ማርከሩን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

ዙቤዳ ወደ ቢሮው የመጣችው የገብስ አጨዳው ሲጀመር ነው። ከጢቾ ወዲያ ካለ ገጠር የመጣች፣ ጉልበቷ ያልደከመ፣ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ሴት ናት። ባሏ ሞቶባታል፣ ልጅ የላትም። የባሏ ታላቅ ወንድም እሷንም መሬቷንም ልውረስ ብሎ ተነሥቷል፤ አላገባህም ካለች ደግሞ ጓዟን ሸክፋ እንድትወጣ ነው የሚፈልገው። መሬቱ የተመዘገበው በባሏ አባት ስም ነው። ሽማግሌው በሕይወት ሳሉ ጎረቤቱን ሰብስበው "ይህች ልጄ ናት፣ ይህ መሬት የእሷ ነው" ብለው በሽማግሌ ፊት ሰጥተዋታል። አሁን እሳቸውም የሉም። የባሏ ወንድም ልትከሰው መሆኑን ከሰማ መሬቱን በጥድፊያ ወደ ራሱ ስም ያዞረዋል፣ ለዚህ የሚተባበረው ሰው አያጣም። የገዛ ወንድሟ እንኳ "ብታገቢው ምን አለበት?" ባይ ነው። ስለዚህ "አሞኛል፣ ሐኪም ልታይ" ብላ፣ ለማንም ሳትናገር፣ ብቻዋን ነው የመጣችው። የፍርድ ቤት እግድ በእጇ እስኪገባ ድረስ ስሟ ከዚህች ቢሮ ማፈትለክ የለበትም። ካፈተለከ መሬቱ የለም።

አጸደ ዙቤዳ በኦሮምኛ የነገረቻትን እንደነገረቻት ጻፈች፣ ወደ አማርኛ መለሰች፣ ለሶፍትዌሩ ሰጠችው። ሶፍትዌሩ የዙቤዳን ስም፣ የባሏን ወንድም ስም፣ የሽማግሌዎቹን፣ የቀበሌውን፣ የስልክ ቁጥሯን ሳይቀር እየለቀመ ሸሸገ። አጸደ እንዴት ኮራች! የቢሮው ደንብ ደግሞ ከመላኩ በፊት ለባለጉዳይዋ ማንበብ ነውና ዙቤዳን አጠገቧ አስቀምጣ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች ማንበብ ጀመረች።

"እኔ ሰው አንድ፣ የቦታ አንድ ነዋሪ ስሆን..."

ዙቤዳ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። "ሰው አንድ እኔ ነኝ?"

"አንቺ ነሽ።"

"እሺ፣ ይቀጥሉ።"

አጸደ ቀጠለች። "ባለ ዳማው ጎረቤቱን ሰብስበው፣ በሽማግሌ ፊት..."

"ይቁሙ፣ ይቁሙ አዴ!" ዙቤዳ እጇን አነሣች፤ ሳቁ ከፊቷ ጠፍቷል። "ይሄ እኮ ራሳቸው ናቸው።"

"እነማን?"

"ባለ ዳማው። የባሌ አባት። ጢቾ ገበያ ገብተው ባለ ዳማው ቢሉ ሕፃኑም ቤታቸውን ያሳይዎታል። ዳማ ፈረሳቸውን የማያውቅ ማን አለ? ስማቸውን ከሚጽፉት ይሄ ይብሳል።"

አጸደ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። ከአዲስ አበባዎቹ ጠበቆች አንዱ የጢቾ ልጅ ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ሁልጊዜ ወደ ቤት እየደወለ የአገሩን ወሬ ሲጠይቅ ነው የሚውለው።

አጸደ ላጉን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። በአርሲ ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም በአፏ አትጠራም፤ ስሙን የሚመስል ቃል እንኳ ሲያጋጥማት ሌላ ቃል ትተካለታለች። ላጉ ማለት ይህ ነው። ሌሎቹ ባለጉዳዮች ወንድም ወይም ልጅ አስከትለው ስለሚመጡ ስሙን ያ ሰው ይናገርላቸዋል። ዙቤዳ ግን ብቻዋን ነበረች። ሶፍትዌሩ ደግሞ የፈለገው የሰው ስም ነው፤ ፈረስ ያለው ሽማግሌ ምኑም አይደለም፣ አለፈው። አጸደም ማሽን አምና ዓይኗን አሳረፈች።

ሀሴት ተጠርታ ጋቢዋን እያጠላለፈች መጣች። የሆነውን ሲነግሯት አልተከፋችም፤ እንዲያውም ወንበር ስባ ዙቤዳ ፊት ተቀመጠች። እሷ ኦሮምኛዋ ገና ጥሬ ስለሆነ አጸደ ታስተረጉምላት ጀመር።

"ስንት ጊዜ ሆነዎት ስማቸውን ከተዉ?"

"ከተዳርኩ ጀምሮ።"

"አንድ ቀን እንኳ አላመለጠዎትም?"

"ታመው ሳስታምማቸው አላመለጠኝም። ሞተው ሳለቅስም አላመለጠኝም።"

"ረስተውት ከሆነስ?"

ዙቤዳ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። "እንዴት ይረሳል? እዚህ ነው ያለው።"

ሀሴት ወደ አጸደ ዞረች። አንዲት ሴት ስሙን አንሥታ፣ በምትኩ ሌላ አስቀምጣ፣ ሳታምታታ፣ ሳታጠፋው፣ ቁልፉን ይዛ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች። በዘፈን፣ በለቅሶ፣ በጠብ መሐል ሁሉ ማለት ነው። አጸደ እንዲህ ያለች ሴት አጠገቧ ተቀምጣ ስላየች ፈጣሪዋን በልቧ አመሰገነች።

ሀሴት "ባለ ዳማው" የሚለውን መዝግባ ነካችው። በየመስመሩ "ሰው አራት" ሆነ። አጸደ ለዙቤዳ ነገሩን አስረዳቻት፤ ስሙ እንዳልጠፋ፣ እንደተቆለፈ፣ ቁልፍ ያለው ሰው ብቻ እንደሚመልሰው። ዙቤዳ ስክሪኑን ትኩር ብላ አየችው።

"ማሽኑም ላጉ ይዟል በሉኛ!" አለች። አጸደ በዓይኗ እስክታይ ያላመነችው ነገር ለዙቤዳ እዚያው ገባት። ሦስቱም እስኪበቃቸው ሳቁ፤ ዙቤዳም በማግስቱ ወደ አገሯ ተመለሰች።

የአዲስ አበባዎቹ መልስ ሲመጣ ጥሩ ነበር። ጉዳዩ ያስኬዳል፣ ክሱና የእግድ ጥያቄው ባንድ ላይ ይግባ፣ ቶሎ ይሁን ይላል። ዙቤዳ የሐኪም ቀጠሮዬ ደርሷል ብላ እንደገና መጣች። አጸደ የእሷን ግማሽ ቁልፍ አስገባች፣ ነገሳም የእሱን። ሰው አንድ ዙቤዳ ሆነች። ቦታ አንድ የዙቤዳ ቀበሌ ሆነ። አጸደ እያንዳንዱ ስም እንደ ወጣበት ሲገባ አሁንም እንደ መጀመሪያው ቀን ነው የምታየው፤ አትጠግበውም። ሰው አራትም ተከፈተና "ባለ ዳማው" ሆነ።

ነገሳ መነጽሩን አወለቀ። "ክስ ላይ ባለ ዳማው ብዬ አልጽፍም። መሬቱ የተመዘገበበትን ስም፣ የተከሳሹንም የአባት ስም ነው የምፈልገው።"

ማሽኑ የሰጡትን ነው የሚመልሰው። የሽማግሌው ስም ግን ገብቶለት አያውቅም። ጢቾ ደውሎ የመሬት ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ደግሞ ለባሏ ወንድም ደውሎ እንደመንገር ነው። ነገሳ ራሱ የአርሲ ልጅ ነውና የሚጠይቃትን ነገር ክብደት ያውቀዋል። አንገቱን ደፍቶ፣ በለሰለሰ ድምፅ "እህቴ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለእኔ ብቻ" አላት።

ዙቤዳ ራሷን ነቀነቀች።

"እሳቸው ልጄ ብለውኛል" አለች። "ልጅ አልወለድሽም ብለው አልናቁኝም። መሬት ላግኝ ብዬ ስማቸውን በአፌ ከጣልኩት ምኑን ልጃቸው ሆንኩ?" ሻሿን ሰበሰበች። "መሬቱ ይቅርብኝ።"

ተነሣች። አጸደ ትክክል ነሽ እንዳትላት መሬቱ ሊሄድ ነው፣ ተሳስተሻል እንዳትላት አልተሳሳተችም። ዙቤዳ ግን በሩ ጋ ሳትደርስ ቆመች። የኮምፒውተሩን የፊደል ገበታ አየችው።

"ይሄ ቁቤ ነው?"

"ነው። ታውቂዋለሽ?"

"የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ የኦሮምኛውን ፊደል ለይቻለሁ።" ጠጋ አለች። "ብነካው ጮክ ብሎ ይናገረዋል?"

"አይናገርም፤ ይጽፋል እንጂ።"

"ከዚያ ወዲያው ይከደናል?"

"ወዲያው ይከደናል።"

ዙቤዳ ጣቶቿን አየቻቸው። "የታሰረው አፌ ነው" አለች ለራሷ ያህል። "ጣቴን የከለከለኝ ሰው የለም።" ከዚያ እጄን ልታጠብ አለች።

አጸደ በጆግ ውኃ አምጥታ አስታጠበቻት። ነገሳ ምንም ሳይባል ተነሥቶ ወጣና በሩን ዘጋ። ዙቤዳ ሻሿን ወደ ግንባሯ አውርዳ ተቀመጠች፣ አጸደም ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። የጭላሎ ተራራ ደመና ተከናንቧል፤ ታች መንገዱ ላይ ባጃጆች ይራኮታሉ። ከኋላዋ የፊደሎቹ ድምፅ ይሰማል። ቀጭ። ከዚያ ዝም ይላል። ከዚያ ደግሞ ቀጭ። አጸደ የስንቱን ሰው ስም ስታነብ ኖራለች፣ ይህንን ግን ዞራ ልታይ አልደፈረችም። ከስንት ዘመን በኋላ ከአንዲት ሴት ደረት የወጣ ስም ከጀርባዋ አለ፤ ክፍሉ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው የገባ ነው የመሰላት።

"ይክደኑት አዴ" አለች ዙቤዳ።

አጸደ ዓይኗን ጨፍና፣ ወደ ኋላ እጇን ዘርግታ፣ በለመደችው ነካችው። ስትዞር ስክሪኑ ላይ ያለው ሰው አራት ብቻ ነው። ዙቤዳ ፊቷ በላብ ረጥቧል። አጸደ ደግሞ ከየት እንደመጣ ሳታውቀው ታለቅስ ነበር።

ነገሳ ተመልሶ ሁለቱም ግማሽ ቁልፋቸውን አስገቡ፤ የክሱ ወረቀት ሲታተም በፊቱ ተደፍቶ ወጣ፣ ነገሳ ፈርሞ ፖስታ ውስጥ አሸገው። እግዱ በዚያው ዕለት ተሰጠ። የባሏ ወንድም ነገሩን የሰማው ወረቀቱ ጢቾ ደርሶ በእጁ ሲሰጠው ነው፤ ያን ጊዜ ረፍዶበታል። ክርክሩ ገና ቀጠሮ ላይ ነው፣ ገብሱን ግን ዙቤዳ ራሷ አሳጭዳ አስገብታለች። አጸደ ግን ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ የምታወራው እግዱን አይደለም። የምታወራው ከእግዱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ እሷና ዙቤዳ ክሱን ሊያስገቡ ፍርድ ቤት ሬጅስትራሩ ጋ ሲቀርቡ የሆነውን ነው።

ሬጅስትራሩ ለሥራው አዲስ የሆነ ወጣት ነው። ፖስታውን ቀደደ፣ ወረቀቱን ዘረጋ፣ የከሳሽን ስም፣ የተከሳሽን ስም በዓይኑ እያነበበ አረጋገጠ። ከዚያም ጮክ ብሎ፣ በሙሉ ድምፁ፣ መሬቱ የተመዘገበበትን ሰው ስም ጠራ። አጸደ ስሙን መስማቷ ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ዙቤዳ ብድግ አለች። ሻሿን ወደ ፊቷ ሳበች፣ ዓይኗን መሬት ላይ ጣለች፣ እጆቿን አጣምራ ቆመች። አጸደም ሳታስበው አብራት ቆመች።

ሬጅስትራሩ ደንግጦ ወደ በሩ ዞረ። በሩ ላይ ማንም የለም።

"ማን ገባ?" አለ።

"አባቷ" አለችው አጸደ።